ሁለተኛዋ ካርድ

ከታይዋን ተራ፣ ከቻርጀር ክምር፣ ከጋዜጣ ጥቅል፣
ረምዚ መዞ ሰጠኝ የካርዴን መንትያ፣ ቁርጥ እሷን የምትመስል፤
ያው ሁለት ማራገቢያ፣ ያው ጥቁር ገላ፣ ያው ቀይ መስመር፣
ብቻ አንድ ጥግ ተፍቃለች፣ የሰው እጅ ያየች ነገር።
«ውሰዳት» አለኝ፣ «ዋጋዋን በየወሩ ታመጣለህ፤
ወላሂ፣ ሁለቱን ስታጣምር ጌሙ እንደ ውሃ ሲፈስ ታያለህ።»

ገንደ ቆሬ ገባሁ፣ ደቻቱን በደረቁ ተሻግሬ፣
ብብቴ ስር ሸጉጬያት፣ እንደ ሌባ ፈጥኜ፣ እንደ ሙሽራ አፍሬ።
የማሽኔን ጎን ፈታሁ። አራት ብሎን። አቧራ እንደ ዱቄት።
ከውስጥ ሁለት ቦታ፤ አንዱ ሞልቷል፣ አንዱ ጎረቤት
አጥቶ የኖረ ቤት።

ከዚያ ሂሳቡ መጣ።
ፓወር ሳፕላዩ ስድስት መቶ ዋት ነኝ ይላል፣ በወረቀቱ፤
ልቡን ማን አየለት? እሱም የታይዋን ልጅ ነው፣ እዚያው ነው እትብቱ።
ሚያዝያ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ። አንዷን ብቻ ሳስነሳ
እንኳ ትጮሃለች፣ ስድስት ሰው ጭኖ ዳገት ላይ እንደቀረ ባጃጅ፤ ምሳ
ሰዓት ላይ ክፍሌ ውስጥ የሚተኛ ድመት የለም፤
ለሁለት የሚበቃ አየር፣ በዚህ ወር፣ እኔ አላየሁም።

ደግሞ ፍሪጁ አለ፤ እናቴ በረዶ የምትሸጥበት፣
በአንድ ቆጣሪ፣ በአንድ ገመድ፣ ከግድግዳዬ ጀርባ የቆመበት።
ባለፈው ሁለቱን ሰካሁ፣ ለሙከራ፣ ለአንድ ምሽት፤
ሣሩ ቅጠል በቅጠል ታየኝ። አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሹመት።
ከዚያ ጧ! ጨለማ። የሂክማ ድምፅ ከጓዳ፦ «ነጂብ! ምን አደረግህ?»
ጠዋት በየፌስታሉ ያልረጋ ውሃ። እናቴ «እንዴት አደርህ?»
አላለችኝም።

ጎረቤታችን ጋሽ ወንድይራድ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣
ሰሙኝና ሳቁ። «ይሄን በሽታማ» አሉ፣ «ቀድመን የታመምነው እኛ!
ዳገቱ ላይ ፉርጎው ሲከብድ ሁለት ሞተር እናጣምር ነበር፤
እኩል ካልተነፈሱ ግን፣ ልጄ፣ ያን ጊዜ ነው ነገር።
ፊተኛው ይጎትታል፣ ኋለኛው ይጎተታል፣ መንጠቆው ይጮሃል፤
አንዱ ሲያፏጭ ሌላው ካልሰማ፣ ጉልበት ለጉልበት ጠላት ይሆናል።»
«ሁለት ከአንድ አይበልጥም?» አልኳቸው።
«ይበልጣል። እጥፍ ግን አይሆንም። ለሜዳ አንዱ ይበቃል።
ዳገትህ የቱ ነው?»

ዳገቴ? አንድ የኳስ ጌም፣ አንድ የመኪና፤ ሁለቱም የተሠሩ ለአንድ ካርድ።
ሁለተኛዋን አያውቋትም፤ ብትገባም፣ ሰርግ ቤት በር ላይ ያለ ጥሪ እንደቆመ ዘመድ
ትሞቃለች፣ ብቻ።

ረምዚ መልሶ አይወስዳትም፤ የመጀመሪያውን ወር በልቶታል።
ሂክማ አነሳቻት። በሽርጧ ጫፍ አቧራዋን ጠረገች።
ሦስት ዓመት ከወንበሬ ጀርባ ቆማ «በግራ! በግራ!» ስትል የኖረች
እህቴ፣ አንድም ቀን «ተነስ፣ ልሞክር» ሳትል፣ ካርዷን እያገላበጠች፣
«አንድ ሳጥን ውስጥ ከሚታነቁ» አለች፣
«ለዚችኛዋ የራሷን ቤት ብንፈልግላትስ?
እኔም እግሬን አመመኝ።»

ቤቱ ገና ነው። ማዘርቦርድ የለ፣ ሳጥን የለ፤
አንድ ኪቦርድ ብቻ፣ ሁለት ቁልፉ የወለቀ፣ ከረምዚ በዱቤ።
ቆጣሪውስ? እሱንም ገና አላሰብኩበት።
ካርዷ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች፣ ከእናቴ የበረዶ ሂሳብ ደብተር አጠገብ፤
አመሻሽ ላይ፣ ከደቻቱ በኩል ነፋስ ሲመጣ፣
ገመድ ሳይነካት፣ መብራት ሳይመጣ፣
አንደኛው ማራገቢያ ይዞራል።
ሂክማ እያየችው «በግራ» ትላለች።