አሥራ ሁለት ቱቦ

የለመድኩት ቀለም ከአዲስ አበባ ከቀረ ዓመት አለፈው፤
ባዶውን ቱቦ በምላጭ ሰንጥቄ፣ ሆዱን ነው የምፍቀው።
ይኼን ሙሃባው ነው ያመጣው፣ በመተማ በኩል፣
አሥራ ሁለት ቱቦ፣ አውራ ጣት የሚያክል፤
ጽሕፈቱን አላውቀው፣ የማን አገር ፊደል።
«ሞክረው» አለኝ፣ «ዋጋውን ተወውና፤
ከሆነህ ትከፍላለህ፣ ካልሆነህም ደኅና።»

ሱቄ ከአራዳ ዝቅ ብላ ያለች አንድ በር ናት፤
ፀሐይ በአሥር ሰዓት ገብታ በአሥራ አንድ የምትወጣባት።
እዚያው ደፉ ላይ ተቀምጬ
የመጀመሪያውን ክዳን ከፈትኩት፤
አሸተትኩት።
ተልባ!
ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ በውሃ የተመታ፣
የሑዳዴ ተልባ፣ የዘጠኝ ሰዓት ሽታ።
ባሕር ተሻግሮ፣ በቱቦ ታሽጎ፣
ስሙንም ለውጦ፣ ጠባዩን ሸሽጎ፣
መጥቷል የእኛው ማሳ፣ የእንግዳ ልብስ አድርጎ።
ነጩ ግን ሌላ ነው፤ ነጩ ሱፍ ሱፍ ይላል፤
ቀማሚው ጿሚ ነው? ለያይቶ ያውቃል።

የፀጉር ቤት ታፔላ ነበረኝ፣ ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ፣
«ደሳለኝ ፀጉር ማስተ…» ላይ ደርሶ የተሰበረ።
ገለበጥኩት። በጀርባው፣ መስመር እየሰጠሁ፣
አሥራ ሁለት ጣት ቀለም ጎን ለጎን ቀባሁ፤
ከሥሩም በእርሳስ፣ የማላነበውን ስም ትቼ
የማውቀውን ጻፍኩ፣ በዓይኔ ተመርቼ፦
ይኼኛው የአዘዞ አቧራ፤
ይኼኛው ቀሃ ነው፣ ሐምሌ ላይ ሲያጓራ፤
ይኼ የግንቡ ድንጋይ፣ ካፊያ ሲነካው የሚጠቁረው፤
ይኼ ደግሞ… ምን እንበለው?
ቢጫ ነው። ሦስቴ ደርቤው እንጨቱን አልሸፈነው።

ጥቁሩን መጨረሻ ከፈትኩት፣ እየፈራሁ።
መምህሬ መሪጌታ እንየው፣ ነፍሳቸውን ይማር፣
ጥላሸት ከድስት ቂጥ ፍቀው ይበጠብጡ ነበር፤
«ጥቁር አይገዛም፣ ልጄ፤
ይፋቃል። የተገዛ ጥቁር…»
ቀሪውን ሳይሉኝ ሄዱ። ይኸው፣ ነካሁት በገዛ እጄ።
ጥልቅ ነው። ብሩሹን ሲያነሡት እንደ ማር ይመዘዛል፤
ዓይን ከጣሉበት ዓይን ይዞ ያስቀራል።

ወይዘሮ ገዳምነሽ፣ ከጨጨላ መጥተው፣
የመታወቂያ ፎቶ በመሐረብ ጠቅልለው፣
ግማሽ ጉንጩን ማኅተም የበላውን ልጅ ሰጥተውኛል።
«አሳድግልኝ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።
ጥቁር ለብሰው ስላየሁ እኔም አልጠየቅሁም።

ፊቱን በአሮጌው ቀለም፣ በፍቃፊው ሠራሁት፤
ማኅተም የበላውን ጉንጭ ከእናቱ ጉንጭ ቀዳሁት።
ዓይኖቹን ለአዲሱ ጥቁር ተውኩለት፣
እንደ ሥላሴ ጣራ መላእክት፣ ከልኩ አስፍቼለት።

በሦስተኛው ቀን ፊቱ ደረቀ። በአምስተኛው ሸሚዙ።
ዓይኖቹ ግን በዘጠነኛው ቀን፣ ገና ከነወዙ።
ክረምቱን አማረርኩ፤ የከሰል ምድጃ አስጠጋሁ፤
በር ከፈትኩ፣ በር ዘጋሁ።

መጡ። ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ከፊቱ ቆሙ።
«አይንኩት» ልል ስል ጣታቸውን አስቀደሙ፤
የግራ ዓይኑን፣ ጥጉን፣ እንባ እንደሚጠርግ ሰው
ዳበስ አደረጉት፤ ጥቁሩ ተከተላቸው።
«አልደረቀም፣ እመይቴ» አልኩ፣ «የአዲሱ ቀለም ጥፋት፤
አንድ ሳምንት ቢሰጡኝ…»
«ተወው» አሉኝ፣ «አትቸኩልበት።»
ጣታቸውን አልጠረጉም። በጃንጥላው እጀታ
አሻራውን ይዘው ወረዱ ቁልቁለቱን፣ ወደ ማታ።

በዓይኑ ጥግ የቀረውን የጣት መስመር አልደፈንኩም።
ዛሬ አሥራ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ገና አልደረቀም።

ሙሃባው፣
ነጩን ሁለት አምጣልኝ። ቀዩም ደኅና ነው።
ቢጫውን መልሰው፤ ውሃ ነው።
ሰማያዊው መስኮት ላይ ሁለት ሳምንት ውሎ አልነጣም፤
ዋጋው ግን ይቀነስ፣ ይኼ ኪስ አያወጣም።
ጥቁሩን አልመልስም፤ ሌላም እንዳታመጣብኝ።
ይኼኑ፣ የተነካውን፣
ስንት ነው? ንገረኝ።