ቁራኛ

«ውድ ደንበኛችን፣ በሲስተማችን ላይ መጠነኛ ክስተት አጋጥሞ ነበር።
ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»
ፈራሚ የለውም። ባለ አራት አሃዝ ቁጥር፤
ቢደውሉ አይነሳ፣ ቢጽፉለት አይናገር።

መዝጋቢዋ እኔ ነኝ። ፒያሳ፣ ከፎቁ፣
ሰልፈኞች በተራ ከፊቴ ሲዘልቁ፣
«ስም እስከ አያት» ስል፣ «የእናት ስም»፣ «ቀበሌ»፣
አሻራ በቀለም፣ ፎቶ በሞባይሌ፣
እትዬ አንጓች መጡ፣ በርበሬ ነጋዴ፤
ቅጹን ሲያቀብሉኝ አስነጠሰኝ አንዴ።
«ይኼ ሁሉ ለምን?» አሉኝ ቀና ብለው።
«ለእርስዎ ደኅንነት፤ እኛ ጋ አደራ ነው።»
ቃሉ የኔ አልነበረም። ከሥልጠና ወረቀት የሸመደድኩት ነው።
ግን በእኔ አፍ ወጣ።

አንድ ማታ በጥቅምት ስልካቸው ሲጠራ፣
ለስላሳ የወንድ ድምፅ፣ ጨዋ፣ የማይኮራ፣
የሟች ባላቸውን ስም እስከ አያት አነሳ፤
የብድሩን ቀሪ፣ አንዲት ሳንቲም ሳይረሳ።
«ከቅርንጫፉ ነው» አለ። ይህን ሁሉ ሌላ ማን ያውቃል?
ሲነጋ የሦስት ኬሻ በርበሬ መግዣ የለም።
ቀሪ ሂሳብ፦ አራት ብር ከስልሳ።

ስብሰባ ተጠራ። ቆሎ ቀረበ፣ የታሸገ ውሃ።
አለቃችን «ሰርጎ ገቦች» አሉ። «ሦስተኛ ወገን» አሉ።
ከሕግ ክፍል የመጣው «ተጠያቂ» የሚለውን ቃል ሰርዞ
«ቅሬታ አቅራቢ» ብሎ ጻፈበት።
መዝጊያውን ማን ገርበብ አድርጎ እንደተወው
ጠያቂ ጠፋ። እኔም ቆሎዬን ቆረጠምኩ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ፤
አደራ በላ ግን ቅርብ ነው፤ ደረጃው ሠላሳ አራት ብቻ።

እትዬ አንጓች አልጮኹብኝም። ከጃንተከል ዋርካ ሥር
የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ፣
«ድሮ» አሉኝ፣ «ከሳሽ ከተከሳሽ ጋር
ልብስ ለልብስ ተቋጥሮ ነበር ዳኛ ዘንድ የሚሄድ።
ቁራኛ ይባላል። አንዱ ውሃ ሲጠማው ሌላው ቆሞ ይጠብቃል።
እስቲ ንገሪኝ፣ ድርጅት ነጠላ አለው?
ጫፉ የት ነው? ከማን ልቋጠረው?»

አንገቴ ላይ ሻርፕ ነበር፣ አርማው የታተመበት፣
ለአሥረኛው ዓመት በዓል ለሠራተኛ ሁሉ ያደሉት።
ዝም ብዬ ጫፉን ሰጠኋቸው።
ጥብቅ አድርገው አሰሩት፣ እንደ ኬሻ አፍ።

ደረጃውን ወጣን፣ እኔ ስቸኩል እሳቸው ሲያርፉ፣ እየተጓተትን።
ዘበኛው እጁን ዘረጋ፦ «ቀጠሮ አላችሁ?»
አስነጠሰኝ።
«ቀጠሮስ የለንም» አሉት እትዬ አንጓች፤ «ቋጠሮ ነው ያለን።»