ሁለት ሳይባል

ናሁሰናይ መጣ ካርቶን ተሸክሞ፣
ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ የሌሊቱ በረዶ በጋራዤ ደጃፍ እንዳለ ተጋድሞ።
ፈታው። ቱርቦ ነው፣ የሰው ጭንቅላት ያህላል።
«እትዬ እማዋይሽ፣ ይሄን ይግጠሙልኝ» ይላል፣
«አምስት መቶ ፈረስ ያወጣል ተብሏል።»

ፈረሱን ተወውና ድርቆሹን ንገረኝ፣ አልኩት።
የሞተር ድርቆሹ አየር ነው።
እዚህ አውሮራ ላይ፣ ከባሕር ወለል አንድ ማይል ወደ ላይ፣
ከስድስት ጉርሻ አየር አንዱ ጎዶሎ ነው፤ ሞተር ያውቀዋል እንጂ ዓይን አያይ።

ትልቁ ቱርቦ እንቅልፋም ሎሌ ነው፣
ጌታው «ውሃ!» ሲለው
ጥሙ ካለፈ ወዲያ የሚያቀርበው።
ትንሹስ? ትንሹ ስሙን ጠርተህ ሳትጨርስ «አቤት» ባይ፣
ዳገቱ ሲረዝም ግን ምላሱን አውጥቶ የሚቀር ወገቡ ላይ።

የትንሹን ካርታ ዘረጋሁ። የአገር አይደለም፣ የትንፋሽ ካርታ ነው፣
ክብ በክብ ውስጥ፣ የተቆረጠ ግንድ ዕድሜውን እንደሚያሳየው።
«በግራ ያለው መስመር አየሩን ትን ብሎት የሚመለስበት ነው፤
በቀኝ ያለውን ካለፍክ፣ ቢነፋም ቢነፋም ትርፉ ሙቀት ነው።
መሐል ያለችውን ደሴት እያት። መኖር እዚያ ነው።»
ሳሳየው፣ አውራ ጣቴ ላይ የነበረው ግራሶ
ከደሴቲቱ ውጪ፣ በስተቀኝ፣ አንድ ነጥብ አተመ።
ጠረግሁት። አልለቀቀም።

«ሥራህ ምንድን ነው?» «መድኃኒት አደርሳለሁ፣ ከፋርማሲ ቤት ለቤት።»
«በየት በኩል?» «በኮልፋክስ።» ኮልፋክስ! በየመቶ እርምጃው ቀይ መብራት!
«በቀን ስንት ጊዜ መርፌው ሰባት ሺህ ይነካል?» ጓንቱን አወለቀ።
«አንዴም አይነካ» አለ፤ ሐፍረቱን በሳቅ ደበቀ።

ትንሹን ገጠምኩለት። ማክሰኞ ደወለ፦ «ሱባሩዬ ወጣት ሆነች!»
ኩራትም እንደ ቱርቦ ናት፤
ዘግይታ ትነቃና ያለ ልክ ትነፋለች።

እሑድ ማታ ግን መጣ፣ አፍንጫው በተራራ ፀሐይ ተልጦ፤
«ከጆርጅታውን በላይ ትንፋሿ አለቀ፤
የጭነት መኪና አለፈኝ፣ አጓርቶ፣ አሽሟጦ።»
«ተራራ ምን ወሰደህ?»
«እሑድ እሑድ እኮ ነው። ወንድሜ ከዋሻው አፍ ላይ በረዶ ይጠርጋል፣ ምሳውን አደርሳለሁ።»

አልጠየቅሁትም ነበር።
የስድስቱን ቀን መንገድ ጠይቄ፣ ሰባተኛውን ዘለልሁ።

ካርታውን ፈለግሁ፣ ከዘይት ጣሳው ሥር።
የባሕር ወለሉን ሠንጠረዥ ጥዬ፣ የአሥራ አንድ ሺህ ጫማውን አየር ይዤ
ሒሳቡን እንደገና ሠራሁ፤ እርሳሱም ሄዶ ሄዶ
ያቺው የግራሶ ነጥብ ላይ አረፈ።
ጣቴ ቀድማኝ አስልታ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማኋት።

መካከለኛ ገዛን፣ ከዴንቨር፣ ያገለገለ፣ ዘንጉ ግን የማይወላወል።
የትንሹ ዋጋ ከኔ ኪስ ወጣ፤
ለስሕተት ደረሰኝ አይቆረጥም።
ትልቁን «እርስዎ ጋ ይቅር» ብሎ ትቶልኛል፤
የጋራዤን በር ደግፎ ይኖራል፣
ከተራራው ነፋስ ሲወርድ ክንፎቹን ቀስ አድርጎ ያዞራል፣
አምስት መቶ ፈረሱን ለማንም ሳያሳይ።

ዛሬ ጠዋት ናሁሰናይ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ።
የወንድሙ ምሳ በኋላ ወንበር፣ ቀበቶ ታስሮለት።
ቀዩ መብራት ለቀቀው። ነዳጁን ሲረግጥ መቁጠር ጀመርሁ፦
አንድ፣

ፉጨቷ መጣ፣ ቀጭን፣ እንደ ክር፣
ሁለት ሳይባል።