ስሎት

የካቲት አጋማሽ፣ ዚላንድ ከተማ፣
ከሚሺጋን ሐይቅ ነፋስና ጨለማ፤
ስልኬ ጮኸ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፦
«ቁልፍ ሠሪዋ ነሽ?» አለኝ ሃርም፣ ድምፁ ዝሎበት፤
«አንድ ቁልፍ ግጠሚልኝ፣ ከፍ አርገሽ፣ እጇ እማይደርስበት።»

ዊልሚና፣ ሚስቱ፣ ሌሊት እየወጣች
ትናንት በነጠላ ጫማ ፖስታ ቤቱ ደጅ ተገኘች።
እንግሊዝኛው ከድቷታል፣ ሰባ ዓመት የሸመተችበት፣
ከባንክ የተሟገተችበት፣ ስድስት ልጅ የተቆጣችበት፤
የቀራት የናቷ ደች ነው፣ የልጅነት።

መሰርሰሪያዬን ሳወጣ ቀረበች፣
ብረቱን ባንድ ጣቷ ነካችና፣
«ስሎት?» አለች።

ሃርምን አየሁት።
«ቁልፍ ማለቷ ይሆናል» አለ።
መነጽሩን በሹራቡ ጠረገ፤
«ወይም ግንብ። ዙሪያው ውሃ፣ ድልድዩ የሚነሣ፤
እናቷ ድንች ስትልጥ የምታወራላት።
ወይም...»
የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሁለቴ ጠብ አለ።
«ወይም መጨረሻ።»

ሥሩ አንድ ነው አለኝ፦ መዝጋት።
ደጅ ሲዘጋ ቁልፍ፤
ጌታው ጠላቱን ፈርቶ ደጁን ሲዘጋ፣ ግንብ፤
ወግ ሲዘጋ፣ ማብቂያ።
«አባቴ እህል ሲመዝን ‹በሒሳቡ ስሎት› ይል ነበር፣
‹ለነገሩማ› ለማለት፤
እግዜርን ሲያማም እንዲያው።»

በኛም አልኩት፣ ብሎን በከንፈሬ ይዤ፣
ለዚሁ ሥራዬ የሚሆን ቃል አለ፦ ገጠመ።
መወርወሪያው ካፎቱ ገጠመ፤ መንገድ ላይ ሰው ገጠመኝ፤
ብርዱ እንዳይገባ በሩን ገጠም አድርጊው፤
ግጥምም ከዚያው ነው። ቃል ከቃል አገጣጥመን
ጫፉ ሲመሳሰል፣ ቤት መታ እንላለን።
«ቤት?»
ቤት።
«ታዲያ እሱም ግንብ ነዋ» ብሎ ሳቀ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን በምላሱ አስተካክሎ።

እሷ ኮቷን ለብሳለች። ልትወጣ።
ካንገቷ ሥር ያለው ቁልፍ ቀዳዳው እምቢ ብሏታል።
ቆለፍኩላት።
«ቁልፍ» አልኳት፣ ኮቷን ነክቼ፤
«ቁልፍ»፣ በሩን፤
«ቁልፍ»፣ በሃርም መዳፍ ላይ ያለውን።
ሦስቱንም በተራ አየች፣ ምስክር እንደሚሰማ ዳኛ።
«ስሎት» አለች፤
አሁን አልጠየቀችም።

ገንዘቡን አልቀበልም አልኩ፣ ኪሴ ከተተው።
ወጥቼ በሩን ገጠም አደረግሁት።
መወርወሪያው ከውስጥ ሲገባ ሰማሁ፣ አንዴ፤
ቀጥሎ ወንበር ሲጎተት፣
ወደ ደጁ።