አንቀጽ ዐሥራ አንድ

በሰኔ፣ ፑንታ አሬናስ፣ በዐሥር ሰዓት ይመሻል፤
ነፋሱ የጣራውን ቆርቆሮ እንደ ኪስ ይፈትሻል።
ከሱፍ ሱቄ ጓዳ፣ በጋዝ ምድጃው ዙሪያ፣
ሰባት መንግሥት ተቀምጧል፤ ካባው ሹራብ፣ በትሩ ማንኪያ።

ሕጉን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ በደረሰኝ ጀርባ፤
በአንዱ ገጽ "ሁለት ኪሎ ክር"፣ በሌላው "ጦር ድንበር ሲገባ"።
ስንዴ ምን ያወጣል? ብረት በስንት ይለወጥ?
መንገድ ያልሠራ አገር ሠራዊቱ ስንት ቤት ይሩጥ?
ውል ያፈረሰስ ምን ይሁን? ይኼ ሁለት ክረምት ፈጀብኝ፤
ቅጣቱ ሲከብድ ተዋዋይ ጠፋ፤ ሲቀል ከዳተኛ በዛብኝ።

የእኅቴ ልጅ ዳንኮ፣ ገና ዐሥራ ስድስት ዓመቱ፣
ከጦሩ ምላሱ ይቀድማል፣ ከምላሱም ጉጉቱ።
ሮሳሜል ዝምተኛ ነው። ማቴውን በቀስታ ይመጥጣል፤
ወለሉን በዓይኑ ሳይዳስስ መች ወንበር ላይ ይቀመጣል?

በአንቀጽ ዐሥራ አንድ ላይ እንዲህ ብዬ ነበር፦
"ፈንጂ፣ ዋጋው አንድ ብረት፤ ከካርቶኑ ሥር ይቀበር።
ሰላም በተፈረመ ዕለት ፈንጂው ሁሉ ይነሣል።"
ሮሳሜል ሳቀ። ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም፤ ሳቁ ሳል ይመስላል።

"ማነው የሚያነሣው፣ ኔቬንካ? ቀለሙ?"

ከዚያ ነገረን፤ ብዙም አላወራ።
"ሜዳው ላይ ስድስት ዓመት በጉልበቴ ስሠራ፣
የቀበሩት ልጆች ሸምግለው ነበር። በጥቂት ሌሊት ቀብረው፣
የጠበቁት ጦርነት ቀርቶ፣ ወደየቤታቸው ተመልሰው።
እኔ በቀን የማጸዳው? ይቺን ጠረጴዛ ታክላለች።
ካርታው እዚህ ነች ይላል፤ እሷ ከአሸዋው ጋር ሄዳለች።"

ደረሰኝ ገለበጥሁና ጻፍሁ፦
"መቅበር፦ አንድ ብረት፣ አንድ ተራ።
ማንሣት፦ ስድስት ተራ። አንድ ገበሬ ከእርሻው ይቅር፤
በየተራው ባለ ስድስት ፊቱ ጠጠር ይጣል፤
አንድ ከወጣ..."
እጄ ቆመ። እሱ ጨረሰልኝ፦ "አንድ ከወጣ፣ ሰው ይጎድላል።"

"ጨዋታው ዘገየ!" አለ ዳንኮ። መልስ የሰጠው የለም።
በአዲሱ ሕግ ጀመርን። እሱ እንደሆነ ሕግ አያነብም።

ፈንጂያችን ጥቁር ቦሎቄ ነው፤ ቆጥሬ ያመጣሁት አርባ፤
ዳንኮ በሦስተኛው ተራ ሃያ ሁለቱን በደቡብ ድንበሩ አስገባ።
ያዋጣል እኮ! የኦቲሊያ ፈረሰኛ እዚያው ቀረ፤
በዘጠነኛው ተራ፣ እየሣቀ፣ ሰላም ፈረመ፤ ከበረ።

ከዚያ ሊዘራ ወጣ። የገዛ ማሳው አላስገባውም፤
የት የት እንደቀበረ ረስቷል። ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ አላየሁትም።
የተሸነፈው እየበላ፣ ያሸነፈው አገር ተራበ፤
ሕግ የማያነብ ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት አንቀጽ ዐሥራ አንድን አነበበ፣
በጣቱ እየተከተለ፣ ቀዳዳ ይኖረው እንደሆን።
የለውም። ሮሳሜል ነው ያስጻፈኝ።

ነጥብ ሲደመር ኦቲሊያ በአንድ በግ በለጠች።
ማንም አላጨበጨበ። እሷም ካፖርቷን አነሣች።

ካርቶኑን ሰብስበን ሣጥኑን ልዘጋ ስል፣ ሮሳሜል ቦሎቄውን
በመዳፉ አንከባለለ፤ ቆጠረ፤ ደገመና ቆጠረ።
"ሠላሳ ዘጠኝ።"
"ነገ አንድ ፍሬ እጨምራለሁ፤ ጓዳዬ ሙሉ ነው" አልሁት።
ይስማኝ አይስማኝ እንጃ። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለ፤
መጀመሪያ ወለሉን አየ፤ ቀጥሎ በጉልበቱ ዝቅ አለ።

ዳንኮ ሳይጠሩት ባትሪውን አብርቶ ከጎኑ ተንበረከከ።
"ከግድግዳው እንጀምር" አለው ሮሳሜል።
"አትቁም። በጣትህ ብቻ።
ቀስ።"