መቅዳት ክልክል ነው

ከፓፒረስ ሽምብጥ፣ ከሽምብጥ ፓፒረስ፣
ቀኑን ሙሉ ስመላለስ፣
የምጠራው ጥሪ አለኝ፣ ከጉሮሮዬ ያወጣሁት፣
ከማንም ያልተማርሁት፦
«አንድ ሰው! አንድ ሰው! የጎደለ አንድ ሰው!
ወንበር ከሞላልኝ መንገዱ አጭር ነው!»

ማክሰኞ ከሰዓት ከዘንባባው ጥላ
አንዲት ልጅ ተሳፈረች፣ ተቀመጠች ከኋላ።
ስልኳን ነካ ስታደርገው ድምፄ ወጣ ከውስጡ፣
ከበሮ ገብቶበት፣ ሰው እየሳቀ፣ ልጆች ምድር እየረገጡ።
«ሁለት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል፣ አታውቅም?» አለችኝ፣
የተሳፈረችበትን በቴሌብር እየላከችልኝ።
አንገቴን ወደ ኋላ ስመልስ መሪው ከእጄ አመለጠ፣
ባጃጄ የአስፋልቱን ጠርዝ ረገጠ።

ትራፊኩ ፈንታሁን ከዛፉ ሥር መጣ፦
«እየነዳህ ወሬ በስልክ? በል፣ መንጃ ፈቃድ አምጣ!»
«እኔ አይደለሁም» አልሁት፣ «የሚያወራው ድምፄ ነው።»
ሳቀ፤ ቅጣቱን ግን ጻፈው።

ተራ ስንጠብቅ ጓደኞቼ ፈረዱ፣
ሁሉም እንደየመንገዱ።
ምንይችል «ታድለህ!» አለ፣ «በነጻ ታወቅህ፣
እኛ ስንጮህ የዋልነውን አቧራ በላው፤ አንተ ምን ጎደለህ?»
አንሙት፣ ማታ ማታ ሕግ የሚማረው፣
«የቅጂ መብት አለህ» ብሎ ልቤን ሞላው፤
ወዲያው «ማስረጃስ?» ብሎ አፈሰሰው።
ጥሪ ላይ ማን ቀን ይጽፋል? ማን ማኅተም ያሳርፋል?

የዝባለም፣ ሻይ የምትሸጠው፣ ብርጭቆ እያለቀለቀች፣
ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦
«ኔትወርክ የጠፋ ጊዜ፣ ያኔ፣
የልጄን ድምፅ ሳልሰማ ከረምሁ እኔ።
የቀዳህን ትከሳለህ፤ ደግ፣ ክሰሰው።
የዘጋብኝንስ? እሱን ማን ይጠይቀው?»
ማንም አልመለሰላት።
አንሙት ሻዩን ጨለጠ፤ ሂሳቧን ከፈላት።

በነጋታው ይርሳው ዘንድ ሄድሁ፣ ጽሑፍ የሚጽፍልን፣
ከባጃጁ ኋላ በቀይ ቀለም አስጻፍሁ ይህን፦
«ሳያስፈቅደ መቅዳት ክልክል ነው።»
የ«ዱ»ን እጅ ረስቷት፣ «ደ» አድርጎ ተዋት፤
ቀለሙ ከደረቀ ነው እኔም ያየኋት።

እውነቱን ልናገር? ይርሳው ሲጽፍ፣ ከመሪው ሥር፣
ፍላሼ ይዘፍን ነበር፤
በሠላሳ ብር ያስጫንሁት አራት መቶ ዘፈን፣
የአንዱን እንኳ ባለቤት ያልጠየቅሁበትን።
ነቀልሁት። ሁለት ቀን በዝምታ ነዳሁ።
በሦስተኛው ተሳፋሪ «ምነው?» ሲለኝ፣ መልሼ ሰካሁ።

እሑድ ባጃጄን ላጥብ ወረድሁ ከጣና ዳር፤
ጀሪካኔን ሞልቼ ቀና ስል፣ አንድ ሽማግሌ፣ ደንገል የሚያስር፣
ጽሑፌን ፊደል በፊደል አንብቦ ሲጨርስ፣
«ኧረ ከመቼ ወዲህ ነው መቅዳት የሚያስከስስ?
ሐይቁን ሸጡት እንዴ?» «የለም አባባ» አልሁ፣
«ስለ ድምፅና ምስል ነው።» ምንነቱን ነገርሁ።
«እኔንም ይቀዱኛል፣ ሃያ ዓመቱ፣ ታንኳዬን ስቋጥር፤
ፎቶዬ የት አገር፣ ከማን ግድግዳ እንደሚኖር፣
ኪራይ ይክፈል አይክፈል፣ አንድም ቀን አልነገሩኝም።»
ከዚያ ጀሪካኔን አየ። ምንም አልጠየቀኝም።

ትናንት በዓባይ ድልድይ ከፊቴ አንድ ባጃጅ ይበራል፣
ከጀርባው በቀይ ቀለም ምን የሚል ይመስላችኋል?
«ሳያስፈቅደ መቅዳት ክልክል ነው።»
ያችው «ደ»፣ ያው እጇ የጎደለው።
ጥሩንባዬን ነፋሁ። እሱም ነፋ፣ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፦
«አንድ ሰው! የጎደለ አንድ ሰው!»
ቀደመኝ እንጂ አልቀደምሁትም።

ይርሳው «ላርማት» ይለኛል፤ እኔ ግን አላሳርማትም።
አንሙት፣ ማስረጃ አለህ ወይ ያልኸኝ፣
ይኸው፣ ስህተቴ መሰከረችልኝ።