ይጩኽ፣ ተይው

ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ፣ ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣
ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጣራው ሁሉ ርሶ፣
ነጃት መኪናዋን አስነሳች፤ ግን ደግሞ ምኑ ይነሳል?
ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፣ መብራቱ ብቻ ይበራል።
እንደ ሌባ ድመት ጭቃውን ረግጦ
በሩ ጋ ሲደርስ፣ ፍሬን ስትነካው፣
ሲ...ጥ!
ጎረቤት ባነነ፤
የጋሽ አራጋው ውሻ ጩኸቱን ተቀብሎ አብሮ አላዘነ።

«አባ» አለችኝ ወርዳ፣ ጥላ እንኳ ሳትዘረጋ፣
«የባንኩ ዕዳ ገና ነው፤ ይኼ ነው የዚያ ሁሉ ዋጋ?
ሃይብሪድ ብለው ሸጠውልኝ እንደ ጋሪ ይንጫጫል፤
አንተ ሾፌር ነበርክ፣ እስቲ ስማው፣ ምን ይላል?»

ነበርክ አለች። ነበርኩ።
ሃያ ስምንት ዓመት በኤፍ ኤስ አር ሐረጎን ወርጄ፣
አሁን ከበረንዳ የሰው መኪና መቁጠር ለምጄ።
ጃኬቴን ደረብኩና ከጎኗ ገባሁ፤
መሪ በሌለበት ወንበር እጄን ጭኔ ላይ አኖርኩ፣ መልሼ አነሳሁ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር «አየህ» አለች፣ «አሁን ፍሬን አይደለም የሚይዘው፤
ሞተሩ ነው ተገልብጦ ቁልቁለቱን ባትሪ ውስጥ የሚያጠራቅመው።»
ዝም ብዬ ሰማሁ።
እኔ ይህን ቁልቁለት ስከፍለው እንጂ ሲከፍለኝ አላውቅም፤
ሸራው ተቃጥሎ ሲሸት፣ ጎማ ላይ ውሃ ሳናፈስ አናልፍም።

በመስታወቱ ላይ አረንጓዴው መስመር እየጨመረ ሞላ፤
ሐረጎ ወገቡ ላይ ባትሪው ጠገበ፣ በቃኝ አለ፣
ከዚያ በኋላ
ሥራ ፈትቶ ለዛገው ብረት ደረሰው ተራ።
ሲ...ጥ!
ገደሉ ተቀብሎ መለሰው፣ ዝናቡም አልሸፈነው።
ነጃት ከንፈሯን ነከሰች።
የኔ ቀኝ እግር ግን፣ ሳላዘው፣ ባዶውን ወለል ረገጠ፤
ረግጦም አልተመለሰ፣ ወደ አንድ ነሐሴ ሮጠ።

አልነገርኳትም። ለእናቷም አልተናገርኩ።
እዚችው ጥምዝ ላይ፣ እንዲህ ባለ ዝናብ፣ ፔዳል ረገጥኩ፤
ምንም አላለም።
አልጮኸ፣ አልሸተተ፣ እግሬን አልገፋም፤
እርጥብ ጥጥ እንደመርገጥ ነው፣ እስከ ወለሉ ሄዶ ጠፋ።
እብሬ ረዳቴ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከጋቢናው ዘለለ፣
ታኮውን ጎማ ሥር ሊወሽቅ፣ «ያዘው፣ ያዘው!» እያለ።
መኪናው ተራራውን ተደግፎ ቆመ።
ታኮውን እጁ ውስጥ አገኘነው።

ኮምቦልቻ ግን ፀሐይ ነው። አስፋልቱ ይተናል።
ሙሄ ጎማ ፈቶ ዲስኩን በአውራ ጣቱ አሸት አደረገና
ቀዩን ዝገት አሳየን፤ ሚጥሚጣ ይመስላል።
«ደህና ነው» አለ፣ «ሥራ አጥቶ ነው እንጂ አልታመመም።
ባትሪው ሥራውን ነጥቆታል፤ ዝናብ ሲያድርበት ይዝጋል።
በሳምንት አንዴ ባዶ መንገድ ላይ ጠንከር አድርገሽ ያዢው፤
ካስጠላሽ ደግሞ ሸራውን ለውጬ፣ ጀርባውን ግራሶ ቀብቼ፣
ዝም ላሰኘው።»

ነጃት ወደኔ ዞረች።
«ይጩኽ፣ ተይው» አልኩ።
«አባ ደግሞ!» ብላ ሳቀች፤ ሙሄም ሳቀ፤
እኔ የምፈራውን ዝምታ ከሁለቱ ማን አወቀ?
ትንሽ ቆይታ፣ ምን እንዳየች እንጃ ፊቴ ላይ፣
ቁልፉን ወረወረችልኝ። «በል፣ በሳምንት አንዴ የሚይዘው አንተ ነህ» አለች።
ሽቅቡን እኔ ነዳሁ። እጄም ቦታውን አገኘ።

አሁን ዝናብ ባደረ ማለዳ አልጋዬ ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ፤
አንዱ፣ በሩ ጋ።
ሁለተኛው፣ የአራጋው ውሻ።
ሦስተኛው፣ ጥጉ ጋ፣ አስፋልት ልትገባ ስትል።
ከዚያ ቀኝ እግሬን፣ ብርድ ልብሱ ሥር፣ ቀስ ብዬ እለቃለሁ።